ሽቶና ሙስሊሟ እህት፤ ሚዛኑ የት ላይ ነው?

 

በከተማችን ስለ ሴት ልጅ ሽቶ ሲነሳ ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንደኛው፣ «ሽቶ ንጽሕና ነው፤ ዲናችንም የንጽሕና ዲን ነው፤ ስለዚህ የትም ተቀብቶ ቢወጣ ምን ገዶ!» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ሽቶ ነክታ ከቤት የወጣች ሴት ዘማዊት ናት፤ አለቀ!» ብሎ በሩን ይዘጋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል እህቶቻችን ቆመዋል። አንዷ ታክሲውን በሙሉ በሚሞላ መዓዛ ታጥና ትወጣለች፤ የሚነግራትም የለም። ሌላዋ በመስጊድ በር ላይ አንድ ጊዜ በተወረወረባት ቃል አፍራ ደርሱንም ጀማዓውንም ትታ ቤቷ ትቀመጣለች፤ የሚጠይቃትም የለም። ሁለቱም የጠፉት ዕውቀት በሌለበት በተነገረ ቃል ነው።

ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። በቅድሚያ ሽቶው ራሱ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎም ሸሪዓችን ስለ መዓዛ ያለው አመለካከት፣ ከዚያም ክልከላው የተነገረበት ሁኔታና ዑለማዎች የተረዱበትን መንገድ በየተራ እንመለከታለን።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ዛሬ በየሱቁ ከሚሸጡት የሴቶች ሽቶዎች መካከል ሽቶ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን «ኦሪየንታል»፣ ማለትም «ምሥራቃዊ» እያሉ የሚጠሩት ወገን አለ። ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭነት ያለው፣ ቅመም ቅመም የሚልና አበባ የተቀላቀለበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄል፣ ከአበባ ጽጌረዳና ጃስሚን፣ ከሥር ደግሞ ሰንደል፣ ቫኒላ፣ ምስክ፣ ዕጣንና ከርቤ ይገኛሉ። «ዐምበር» የሚባለውም አለ። ይህ በአሁኑ ሽቶ ውስጥ በአመዛኙ ከእንጨት ሙጫዎችና ከቫኒላ የሚቀመም ነው፤ ከዓሣ ነባሪ የሚገኘው የጥንቱ ዐንበር ግን ሌላ ነው።

«ምሥራቃዊ» የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው። እነዚህ ነገሮች የመጡት ከሕንድ፣ ከዓረብና ከእኛው አካባቢ ነው። ገርላን የተባለው የፈረንሳይ ቤት በ1925 ያወጣው «ሻሊማር» ስሙን የወሰደው ከሙስሊሞቹ የሙጋል ነገሥታት የአትክልት ቦታ ነው። ኢቭ ሳን ሎራን በ1977 ያወጣው ቅመማ ቅመም የበዛበት ሽቶ ደግሞ በውስጡ ከርቤና የእርሷ ዘመድ የሆነችው ኦፖፖናክስ የተባለች ሙጫ አሉበት። እነዚህም ሙጫዎች ከአፍሪካ ቀንድ ቆላ የሚለቀሙ ናቸው። ባለቤቶቹ ይህንን ሽቶ «ኦፒየም» ብለው በአደንዛዥ ዕፅ ስም መሰየማቸው በቻይናውያን ዘንድ ተቃውሞ አስነስቶ ነበር። እነሆ ዕጣኑና ከርቤው ከእኛ ቆላ ወጥቶ፣ ውጭ አገር ተቀምሞ፣ በጠርሙስ ታሽጎና በማያምር ስም ተሰይሞ ተመልሶ ለእኛው ይሸጣል። «ኦሪየንታል» የሚለው ስያሜም ቢሆን ምዕራባውያን ለሌላው ዓለም ያወጡለት ስም ነው በሚል ከ2021 ጀምሮ በሙያው ውስጥ ሰፊ ተሰሚነት ያለው የሽቶዎች መመደቢያ ወደ «ዐምበር» ለውጦታል።

የሽቶ ጥበብ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። በ873 ገደማ የሞተው አል-ኪንዲ ስለ ሽቶ አሠራርና ስለ ማንጠር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከመቶ በላይ የአቀማመም ዘዴዎችን መዝግቧል። አንድ ሙስሊም ስለ መዓዛ ሲነገረው የሰው ዕቃ የተነገረው ሊመስለው አይገባም።

ለፍርዱ የሚጠቅመን አንድ የሙያ ነጥብ አለ። ሽቶ በሦስት እርከን ይሸታል። መጀመሪያ የሚሸተው ቀላሉ ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል። መካከለኛው፣ ማለትም አበባውና ቅመሙ፣ ለሰዓታት ይቆያል። ከሥር ያለው ሰንደሉ፣ ምስኩና ሙጫው ግን በልብስ ላይ እስከ ማግሥቱና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። «ኦ ደ ፓርፋም» የሚል የተጻፈበት ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ፣ «ኦ ደ ቷሌት» የሚለው ከ5 እስከ 15 እጅ መዓዛ አለው፤ ቀሪው በአመዛኙ አልኮል ነው። አልኮል የሌለበት የዘይት ዐጥር ደግሞ ከቆዳ ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ሞቅ ያለውና ቅመም የበዛበት ወገን ከሌሎቹ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል፤ ረጅም ጊዜም ይቆያል። ቆይተን እንደምናየው የፊቅህ ሰዎች ዋናው ጥያቄም «መዓዛው ወደ ሌላ ሰው ይደርሳል ወይስ አይደርስም?» የሚል ነው።

መዓዛ በኢስላም የተወደደ ነው

ከመከልከሉ በፊት መፈቀዱን ማወቅ ተገቢ ነው። ቁርኣን የጀነትን መጠጥ ሲገልጽ ማሸጊያው ምስክ መሆኑን (ሱረቱል ሙጠፊፊን 26)፣ ካፉርና ዝንጅብል የተቀላቀለበት መጠጥ መኖሩንም (ሱረቱል ኢንሳን 5 እና 17) ይነግረናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዓለም ወደርሳቸው ከተወደዱት ነገሮች አንዱ ሽቶ መሆኑን መናገራቸውን ነሳኢ ዘግበዋል። ሽቶ ሲሰጧቸው እንደማይመልሱም አነስ (ረ.ዐ) ነግረውናል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል።

የሴቶችም ድርሻ ቀላል አልነበረም። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ኢሕራም ከማሰራቸው በፊት በእጃቸው ሽቶ ይቀቧቸው ነበር፤ የምስኩም ብልጭታ በፀጉራቸው መክፈያ ላይ ይታያቸው እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አንዲት የአንሷር ሴት ከወር አበባ ስለመታጠብ በጠየቀች ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምስክ የነካ ቁራጭ ወስዳ እንድትጠራበት ነግረዋታል። አጠቃቀሙ ባልገባት ጊዜ እርሳቸው አፈሩ፤ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ግን ወደ ራሳቸው ስበው ደሙ የነካውን ቦታ ተከትላ እንድትቀባ አስረዷት። ልብ በሉ፤ ሴት ልጅ በየወሩ ለንጽሕናዋ መዓዛ እንድትጠቀም ያስተማረ ዲን ሴት ልጅ ትከርፋ ሊል አይችልም። ስለዚህ «ሽቶ ለሴት ሐራም ነው» ብሎ ደፍኖ የሚናገር ሰው በአላህ ዲን ላይ የሌለውን ጨምሯል።

ክልከላው የተነገረው በየት ላይ ነው?

ይሁን እንጂ ግልጽ የሆነ ክልከላ አለ፤ መሸፋፈንም አይገባም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የዐብደላህ ኢብን መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፈችው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶች መስጊድ ሲመጡ ሽቶ እንዳይነኩ አዘዋል። ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በተላለፈው ሌላ የሙስሊም ዘገባ ደግሞ ቡኹር የታጠነች ሴት የዒሻን ሰላት ከእነርሱ ጋር እንዳትገኝ ተነግሯል። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) በዘገቡት ውስጥም፣ ሽቶ ተቀብታ ሰዎች ጠረኗን ያገኙ ዘንድ በመካከላቸው የምታልፍ ሴት በብርቱ ቃል ተወቅሳለች።

በአቡ ዳውድ የተዘገበ ሌላ ክስተትም አለ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሽቶዋ የሚያውድ አንዲት ሴት አገኙ። ለመስጊድ ብላ መቀባቷን ጠየቋት፤ አዎን አለች። በዚህን ጊዜ ለመስጊድ ሽቶ የተቀባች ሴት ተመልሳ ከጀናባ እንደሚታጠቡት እስክትታጠብ ድረስ ሰላቷ ተቀባይ እንደማይሆን ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሯት። ንግግሩ ብርቱ ነው። ግን አካሄዱን አስተውሉ፤ አስቀድመው ጠየቁ፣ ቀጥለው የሰሙትን ዕውቀት ነገሩ፣ መውጫውንም አሳዩ። ስም አላወጡላትም፤ ከመስጊድም ለዘለቄታው አላባረሯትም።

እነዚህን ሐዲሶች ስንደምር የክልከላው ቦታ ይለያል። ቦታው ከቤት ውጭ፣ ባዕድ ወንዶች ባሉበት ነው። ምክንያቱም የመዓዛ መጥፎነት አይደለም፤ መዓዛው የሰውን ልብ የሚቀሰቅስ በመሆኑ ነው። ሌላው ሐዲስ የሴት ሽቶ ቀለሙ ጎልቶ ጠረኑ የተደበቀ መሆኑን ይገልጻል። አቡ ዳውድ ይህንን ሲያሰፍሩ ከዘጋቢዎቹ አንዱ የሆኑት ሰዒድ፣ ይህ ስትወጣ ለሚሆነው ሁኔታ የተነገረ ነው ተብሎ መወሰዱን፣ በባሏ ዘንድ ስትሆን ግን በፈለገችው መዓዛ መዋብ እንደምትችል የሰጡትን ማብራሪያ አያይዘው አስቀምጠዋል።

ዑለማዎች እንዴት ተረዱት?

ዑለማዎች በጥቅሉ ላይ ቢስማሙም በደረጃው ላይ ተወያይተዋል። የውይይቱ ቁልፍ በአቡ ሙሳ ሐዲስ ውስጥ ያለው «ጠረኗን ያገኙ ዘንድ» የሚለው ሐረግ ነው። አንዳንዶች ይህ የዓላማ ቃል ነው ይላሉ፤ ወንዶች እንዲያሸቱላት አስባ የወጣችውን ብቻ ይመለከታል። ሌሎች ደግሞ የውጤት ቃል ነው ይላሉ፤ አሰበችም አላሰበችም ጠረኗ እንደሚደርስ ካወቀች ያው ነው። የሁለተኞቹ ማስረጃ የዘይነብ ሐዲስ ሐሳብን ሳይጠይቅ በጥቅሉ መከልከሉ ነው።

በአገራችን ብዙ ተከታይ ባለው በሻፊዒይ መዝሀብ ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) «መጅሙዕ» በተባለው ኪታባቸው ወደ መስጊድ የምትሄድ ሴት ሽቶ መንካቷ የሚጠላ (መክሩህ) መሆኑን ጽፈዋል። ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ «አዝ-ዘዋጂር» በተባለው ስለ ከባባድ ኃጢአቶች በጻፉት ኪታብ ውስጥ ተቀብቶ መውጣትን ከቆጠሩ በኋላ ለይተው አስቀምጠውታል። ፈተናው የተረጋገጠ ከሆነ ከባድ ኃጢአት ነው፤ ፈተና ይከሰታል ተብሎ ከተገመተ ሐራም ነው፤ ግን ከከባዶቹ አይቆጠርም። ሥጋቱ ብቻ ካለ ደግሞ መክሩህ ነው። ኢብን ሐጀር የጠበቀ አቋም ካላቸው ዑለማ መካከል ሆነው ሳለ ይህንን ያህል ለይተው ከመዘኑ፣ እኛ በአንድ ቃል ጨርሰን የምንፈርደው በምን ዕውቀታችን ነው?

በሌላ በኩል አቡ ዳውድ ከዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች ከርሳቸው ጋር ወደ መካ ሲጓዙ በኢሕራም ጊዜ ግንባራቸውን «ሱክ» በተባለ ሽቶ ይቀቡ ነበር። ሲያልባቸውም በፊታቸው ላይ ይወርድ ነበር፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) እያዩ አልከለከሏቸውም። ይህ በጉዞ ላይ የሆነ ነገር ነው። ጠበቅ የሚያደርጉት ወገኖች ሱክ ጠረኑ ሩቅ የማይሄድ ነው ብለው ያስረዳሉ። ያም ሆነ ይህ ከዚህ የምንማረው በሴት ልጅ ገላ ላይ ያለ ማንኛውም ቅንጣት መዓዛ ሁሉ ከአንድ ወገን እንደማይፈረጅ ነው።

ከዚህ ተነስተን የምንደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው። በሳሙና የታጠበ ገላ፣ ንጹሕ ልብስ፣ ላብን የሚያጠፋና ጠረኑ ከራሷ የማያልፍ ነገር ንጽሕና ነው፤ ከክልከላው ጋር አይያያዝም። ከላይ የገለጽነው ሞቅ ያለና ቅመም የበዛበት ሽቶ ግን፣ ከአጠገቧ ያለፈው ሁሉ ዞር እንዲል የተቀመመ ነውና፣ ሐዲሶቹ በቀጥታ ይመለከቱታል። «ለራሴ ነው የተቀባሁት» የምትል እህት ሐሳቧን አንጠራጠርም። ነገር ግን መዓዛው ሐሳብዋን ጠይቆ አይቆምም።

«ዘማዊት» የሚለውን ቃል ማን ላይ እንወረውራለን?

በአቡ ሙሳ ሐዲስ ውስጥ ይህ ከባድ ቃል መምጣቱ እውነት ነው። ይሁንና በቲርሚዚ ዘገባ ሐዲሱ የሚጀምረው በሴቲቱ አይደለም፤ ማንኛውም ዓይን ዘማዊ መሆኑን በመናገር ነው። ሴቲቱ የተጠቀሰችው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ዑለማዎችም ቃሉ ወደ ዝሙት የሚያደርስን መንገድ ለማጥላላት የተነገረ እንጂ ፍርድ የሚቆምበት የዝሙት ድርጊት አለመሆኑን አስረድተዋል። እንግዲህ በመስጊድ በር ላይ ቆሞ እህቱን በዚህ ስም የሚጠራ ወንድም ሐዲሱን ከግማሹ ጀምሮ እየቀራ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ የእርሱን ዓይን ይመለከታልና።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኑር 4ኛ አንቀጽ ጥብቅ የሆነችን ሴት በዝሙት ሰድቦ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው ሰማንያ እንዲገረፍና ምስክርነቱም ለዘለዓለም ተቀባይነት እንዳይኖረው ደንግጓል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተናገሩት ስለ አንድ ድርጊት ነው፤ አንተ የምትናገረው ስለ አንዲት የታወቀች እህት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። መክሩህ ይሁን ሐራም በሚል ዑለማ የተወያዩበትን ነገር ለማውገዝ ሲባል ማንም ያልተወያየበት ኃጢአት ውስጥ መውደቅ ምን ይባላል?

ደግሞም የአላህን ሴት ባሮች ከመስጊድ እንዳንከለክል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ላይ ሽቶ ሳይቀቡ እንዲወጡ የሚል ተጨምሮበታል። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ሐዲስ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን መጣል አይቻልም፤ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን መጣልም እንዲሁ። በሽቶ ምክንያት ከደርስ የቀረች እህት ሽቶውን እንጂ ደርሱን እንድትተው አልተነገራትም ነበር።

ወንድሞችንም የሚመለከት ነገር አለ። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የበላ ሰው መስጊድ እንዳይቀርብ መከልከሉ በቡኻሪና በሙስሊም የታወቀ ነው፤ ምክንያቱም ሌላውን ሰጋጅ ማስቸገሩ ነው። ታዲያ የሳምንት ካልሲውን አድርጎ፣ ላቡ ደርቆበት ወይም ሲጋራ አጭሶ ሰፍ ውስጥ የሚቆም ወንድም ስለ እህቱ መዓዛ ከመናገሩ በፊት የራሱን ጠረን ቢያይ ይበጀዋል።

አልኮሉና ዝባዱስ?

ብዙ እህቶች የሚጠይቁት ሌላው ነገር በሽቶ ውስጥ ያለው አልኮል ነው። የዚህ ጥያቄ መሠረት «ኸምር በገላው ነጃሳ ነውን?» የሚለው ነው። አብዛኞቹ የአራቱ መዝሀብ ዑለማ ነጃሳ ነው ብለዋል። ረቢዓ፣ ለይስና ከሻፊዒዮቹ ሙዘኒ ግን መጠጣቱ ሐራም ቢሆንም ገላው ነጃሳ አይደለም ብለዋል። በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ከወይን የሚገኘው ኸምር ከሌላው ተለይቶ ይታያል። የዛሬው የሽቶ አልኮል አብዛኛውን ጊዜ ከሸንኮራ አገዳና ከእህል የሚወጣ፣ እንዳይጠጣም ሆን ተብሎ የሚበላሽ ነው። ስለዚህ ከዘመናችን ዑለማ ብዙዎቹ ለውጭ አካል መጠቀሙን ፈቅደዋል፤ የተጠነቀቁም አሉ። ልቧ ያልረጋላት እህት በዘይት የተቀመመውን ዐጥር ብትጠቀም ከጭቅጭቁ ሁሉ ትወጣለች።

ዝባድን በተመለከተ ጉዳዩ ለእኛ የቅርብ ነው። ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመናት ከጥርኝ የሚገኘውን ዝባድ በቀንድ እያሸገች ለዓለም ሽቶ ሠሪዎች ስትልክ ኖራለች፤ በጅማ፣ በሊሙና በአካባቢው ጥርኝ ጠባቂዎቹም በአመዛኙ ሙስሊሞች ናቸው። በ676 ሒጅሪ የሞቱት ኢማም ነወዊ ስለ ዝባድ ሲጽፉ አንዳንዶች ከባሕር እንስሳ ይገኛል ማለታቸውን አንስተው፣ እርሳቸው ግን ነገሩን የሚያውቁ ባለሙያዎች ከየብስ ድመት መሆኑን ሲናገሩ መስማታቸውን ገልጸዋል። ከዚያም ንጹሕ (ጣሂር) ነው ብለው ፈርደዋል፤ የእንስሳው ፀጉር እንዳይቀላቀልበት ብቻ አሳስበዋል። ፊቅህ እንዲህ ነው፤ አዋቂ ጠይቆ ነው የሚፈረደው።

ግን ንጹሕ ነው ማለት ሁሉ ነገር ተፈቀደ ማለት አይደለም። ጥርኟ በጠባብ ጎጆ ታስራ ዝባዷ በየጥቂት ቀኑ እየተፋቀ ይወሰዳል። ድመቷን አስራ ሳትመግብና ሳትለቅ የገደለች ሴት በዚህ ምክንያት እሳት መግባቷን የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንስሳ የሚያረባ ወገናችን ቦታውን ሊያሰፋ፣ ቀለቡን ሊያሟላ ግዴታው ነው። ለሽቶ ሲባል እንስሳን ማሰቃየት አስፈላጊም አይደለም። ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት በ1926 የዝባዱን ዋነኛ መዓዛ ቅንብር ካወቀ ወዲህ በሰው እጅ የሚሠራው በብዛት ተክቶታል።

ሽቶ የተረሳበት ቦታ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በብዙ ቤቶቻችን የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ውዱ ጠርሙስ የሚከፈተው ለሠርግ፣ ለሥራና ለመንገድ ነው። ባል ማታ ሲገባ የሚያገኘው ግን የሽንኩርትና የጭስ ጠረን ነው። በሸሪዓ የተፈቀደውና የሚያስመነዳው ቦታ ተትቶ የተከለከለው ቦታ ተመረጠ ማለት ነው። ሰዒድ በባሏ ዘንድ ስትሆን የፈለገችውን መዓዛ ትጠቀም ያሉት እኮ ለዚህ ነው። ያ ሞቅ ያለ፣ እስከ ማግሥቱ የሚቆይ ጽጌረዳና ሰንደል ለዚህ ቦታ የሚስማማ ነው።

ነገር ግን ፍርዱን በሴቷ ላይ ብቻ ጭነን አንሄድም። ቀኑን ሙሉ ስትፈጭ፣ ስታበስል፣ ልጅ ስታጥብ ውላ ለመታጠቢያ ግማሽ ሰዓት ያላገኘች ሚስት ሽቶ ልትቀባ የምትችለው መቼ ነው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ ሰዎች በድንገት ቤታቸው እንዳይገቡ ያዘዙት ሴቲቱ ፀጉሯን የምታበጥርበት ጊዜ እንድታገኝ ነው። ኢብን ዐባስም (ረ.ዐ) ሚስታቸው እንድትዋብላቸው እንደሚወዱ ሁሉ እርሳቸውም ለርሷ መዋብን እንደሚወዱ መናገራቸው ተዘግቧል። እንግዲህ ለጁምዓ ምስክ ተቀብቶ የሚወጣ፣ ለሚስቱ ግን በሥራ ልብሱ የሚተኛ ባል ራሱን ይጠይቅ። ልጁን ይዞላት ጊዜ የሚሰጣት፣ ራሱም ታጥቦ የሚቀርብ ባል የቤቱን መዓዛ ግማሽ አምጥቷል።

በሐዘን ጊዜ

ሌላም የተረሳ ሥርዓት አለ። የኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) አባት አቡ ሱፍያን ከሞቱ በኋላ ሦስተኛው ቀን ሲሞላ ቢጫ ቀለም ያለው ሽቶ አስመጥተው ፊታቸውን ተቀቡ። ሽቶ አምሯቸው አልነበረም። አንዲት አማኝ ሴት ከባሏ በስተቀር ለማንም ሰው ከሦስት ቀን በላይ በሐዘን ከጌጥ መራቅ እንደማይፈቀድላት ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ስለነበር ነው፤ ለባል ግን አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ቡኻሪ ዘግበውታል። በእኛ ዘንድ ለወንድሟ ወይም ለእናቷ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሳ፣ ከቅባትም ከሽቶም ተለይታ የምትቀመጥ እህት ስንት ናት? ካላደረገችም ጎረቤት «አላዘነችም» ብሎ ያማታል። አንዲት የነቢይ ባለቤት በገዛ አባታቸው ሐዘን ሽቶ የተቀቡት ይህን የመሰለውን ልማድ ለመስበር ነው።

በባሏ ዒዳ ላይ ያለችውም ቢሆን ፈጽሞ አልተተወችም። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ከወር አበባዋ ስትጠራ ጥቂት ቁስጥ ወይም አዝፋር የተባለውን መዓዛ እንድትጠቀም ተፈቅዶላታል። ለዚህን ያህል የሴትን ችግር የሚያውቅ ሸሪዓ ነው ያለን።

በተግባር ምን እናድርግ?

እህቴ ሆይ! ከላይ የተነገረውን ወደ ኑሮ ለመለወጥ የሚከተለውን ልብ በይ።

አንደኛ፣ ማታ ቤት ውስጥ የተቀባሽው ከባድ ሽቶ ጧት በገላሽ ላይ ይኖራል። ስትወጪ የተቀባውን ቦታ በሳሙና ታጠቢ፤ በልብስ ላይ የተረጨው ግን በቶሎ አይለቅምና የቤትና የመንገድ ልብስሽን ለዪ። በተለይ ሻርፕና ሒጃብ መዓዛ ያስቀራሉ፤ ቡኹር በሚታጠንበት ክፍል አትስቀያቸው።

ሁለተኛ፣ ሠርጉ የሴቶች ብቻ ከሆነ እዚያው ደርሰሽ ተቀቢ፤ ስትመለሺ ታጥበሽ ሌላ ሻርፕ ልበሺ። ከቤት ተቀብተሽ ብትወጪ በመንገድ ሾፌሩና ረዳቱ አሉ።

ሦስተኛ፣ የቀረፋና የቅርንፉድ ዘይት የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያቃጥላል፤ ያሳክካልም። አዲስ ሽቶ ስትገዢ በክንድሽ ላይ ጥቂት ነክተሽ አንድ ቀን ጠብቂ። አስም ያለበት የቤተሰብ አባል ካለ በዝግ ክፍል አትርጪ።

አራተኛ፣ በኢሕራም ላይ ሳለሽ ሽቶ ለወንድም ለሴትም የተከለከለ መሆኑን አትርሺ፤ ሽታ ያለው ሳሙናና ቅባትም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ወንድሜ ሆይ! አንተ ደግሞ አንዲት እህት ሽቶ ተቀብታ ብታይ ዓይንህን ስበር። መናገር ካለብህ በእናትህ፣ በእህትህ ወይም በባለቤትህ በኩል በለሰለሰ ቃል አስነግር። የመስጊድ ኮሚቴዎችም በሴቶች በኩል ዕውቀት ያላትን እህት ቢመድቡና ይህን የመሰለውን ትምህርት በሴት አንደበት ቢያሰጡ፣ በር ላይ ከሚወረወረው ቃል ይልቅ እጅግ ይጠቅማል።

ዲናችን መዓዛን ከሴት ልጅ አልነጠቀም፤ ቦታውን አሳያት እንጂ። ከቤቷ ውስጥ እንደ ልቧ፣ በሴቶች መካከል በጥንቃቄ፣ በባዕድ ወንዶች መካከል ግን ጠረኑን ደብቃ ትጠቀማለች። ይህንን የምታውቅ እህት መስጊድ ለመግባት አትፈራም፤ ይህንን የሚያውቅ ወንድምም በር ላይ ቆሞ አይሳደብም።

አላህ (ሱ.ወ) የተናገርነውን በሥራ የምንተረጉም ያድርገን። ወላሁ አዕለም።